ነጩ ነጥብ ከውሃው ነው፦ ስለ መኪና ማለቅለቅ በሰፊው ለተዘዋወረው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሦስት ሰዎች ተላከልኝ። ሦስቱም ጥቁር መኪና እንደምነዳ ያውቃሉ። ሦስቱም «በቃ ተገላገልክ» የሚል ነገር ጨምረውበታል። ጽሑፉ መኪናን ቤት አጥቦ፣ ሳይወለውሉ፣ ያለ አንዲት ነጭ ነጥብ እንዲደርቅ ማድረግ ይቻላል ይላል። ብዙ ሰው ተቀባብሎታል። ለምን እንደሆነ ይገባኛል። አጻጻፉ ይጥማል፣ ምክሩ ቀላል ነው፣ ወጪም የለበትም።

ችግሩ አብዛኛው ስህተት መሆኑ ነው። ዝም ብዬ ላልፈው ነበር። ግን ከላኩልኝ ሰዎች አንዱ ምክሩን አንድ በአንድ ተከትሎ መኪናውን አጠበ። በማግስቱ የኮፈኑን ፎቶ ላከልኝ። ነብር ይመስላል። ምን እንዳጎደለ ጠየቀኝ። ምንም አላጎደለም። መልሱን ልጽፍለት ስጀምር ረዘመብኝ፤ እንግዲህ ለሁላችሁም ይሁን።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ነጠብጣቡ በደንብ ስላልተለቀለቀ የቀረ ሳሙና ነው ይላሉ፤ መፍትሔውም ረዘም ላለ ጊዜ፣ በኃይለኛ ግፊት ማለቅለቅ ነው። ከውሃው ማዕድን ነው የሚባለውን አይቀበሉትም። ማስረጃቸው ዝናብ ነው፤ ዝናብ ማዕድን የለውም፣ መኪና ላይ ግን ነጠብጣብ ይተዋል። ከዚያ በመጨረሻው ባልዲ አንድ ስኒ አቼቶ ጨምሩበት ይላሉ። ውሃ ማጣራት የፈለገ ካለ ማንኛውም የቤት ማጣሪያ ወይም የፈላ ውሃ ይበቃዋል፤ ሬዚን ምናምን የሚባለው የሻጮች ፈጠራ ነው። ዋክስ የተቀባ መኪና ላይ ነጠብጣብ አይኖርም። ፀሐይ ላይ የቀረ ጠብታ እንደ ማጉያ መነጽር ሆኖ ቀለሙን ያቃጥላል፤ ምልክቱ አንዴ ከወጣ አይለቅም። በመጨረሻም ፎጣ መኪናው ላይ ዝር እንዳይል ያስጠነቅቃሉ፤ ይጭራልና።

እንግዲህ በተራ እንሂድ። ሁሉም እኩል ክብደት የላቸውም፤ አንዳንዱን ቶሎ አልፈዋለሁ።

ሳሙናው ነው ወይ?

ይህን ለመፈተሽ መኪና አያስፈልግም። ንጹሕ ብርጭቆ ውሰዱ። ሳሙና አታስነኩት። በቧንቧ ውሃ አሥር ጊዜ አለቅልቁትና ሳትጠርጉት አስቀምጡት። ሲደርቅ ወደ ብርሃን ያዙት። ነጥቦቹ እዚያው አሉ። ሳሙና ያልነካው ብርጭቆ ላይ ሳሙና ከየት መጣ?

የመጣው ከውሃው ነው። ውሃ በአፈርና በድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ሶዲየም፣ ሲሊካና ሌላም ሌላም እየሟሟ ይገባበታል። በዓይን አይታይም። ውሃው ሲተን ግን እነሱ አብረው አይተኑም፤ ባሉበት ይቀራሉ። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት የዚሁ ዘመድ ነው። መጠኑ በሊትር ስንት ሚሊግራም እየተባለ ይለካል። በተለምዶ የካልሲየምና የማግኒዥየሙ መጠን፣ በካልሲየም ካርቦኔት ተሰልቶ፣ በሊትር ከ60 ሚሊግራም በታች ከሆነ ውሃው ለስላሳ ነው ይባላል። ከ180 ካለፈ ደግሞ በጣም ከባድ የሚባለው ነው።

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ውሃችሁ በሊትር 300 ሚሊግራም የሟሟ ነገር አለው እንበል። አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ ወደ 20 ጠብታ ይሆናል። ስለዚህ አንዷ ጠብታ 0.015 ሚሊግራም ይዛለች ማለት ነው። ይህቺ ምን ልታደርግ ትላላችሁ። ግን ጠብታ ሲደርቅ የያዘውን እኩል አያሰጣውም። ጠርዙ ከመሃሉ ፈጥኖ ይተናል። የጎደለውን ለመሙላት ውሃ ከመሃል ወደ ዳር ይፈሳል፤ የያዘውን ሁሉ ይጎትታል፤ ዳር ላይ ያከማቸዋል። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1997 እ.ኤ.አ. ይህንን ያብራሩት፣ ጠረጴዛ ላይ የተንጠባጠበ ቡና ሲደርቅ ለምን ዳሩ ብቻ ጠቆር ያለ ቀለበት እንደሚሠራ ሲመረምሩ ነበር። ኮፈናችሁ ላይ ያለው ነጭ ቀለበትም አፈጣጠሩ ይኸው ነው። ያቺ ኢምንት ማዕድን አንድ ቀጭን መስመር ላይ ተሰብስባ፣ ከሥሯ ጥቁር ቀለም ሲሆን፣ ከሩቅ ትታያለች።

አሁን ወደ ምክሩ እንመለስ። ረዘም ላለ ጊዜ አለቅልቁ ተባልን። እሺ፣ አንድ ሰዓት አለቀለቅን። የመጨረሻው ውሃ ከመጀመሪያው በምን ይለያል? ያው ቧንቧ፣ ያው ማዕድን። ማሽኑን ግፊት ብንጨምርበትም ውሃው ውስጥ ያለው ነገር አይቀንስም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

ለጸሐፊው ሁለት ነገር እሰጣቸዋለሁ። አንደኛ፣ ሳሙናም ምልክት ይተዋል። ግን መልኩ ይለያል። የሳሙና ቅሪት ቀለበት ሳይሆን ወደ ታች የወረደ መስመር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከስፖኪዮ ሥር፣ ከበር እጀታና ከታርጋ ዙሪያ ይጀምራል። እርጥብ ጨርቅ ሲነካው ይሄዳል። የቆየ ማዕድን ግን በእርጥብ ጨርቅ ንቅንቅ አይልም። ሁለተኛ፣ ኃይለኛ ግፊት መጀመሪያ ላይ ጠቃሚ ነው። መኪናውን በእጅ ከመንካታችሁ በፊት አሸዋና ጭቃውን ያወርደዋል። መጨረሻ ላይ ግን ሥራ የለውም። እንዲያውም ውሃውን በትንንሹ ይበትነዋል፤ ጠብታ ያበዛል።

ዝናቡስ?

ጽሑፉ ውስጥ ካሉት ክርክሮች ጠንካራው ይህ ነው። እኔም ቆም ብዬ አስቤበታለሁ። ዝናብ በእርግጥ ማዕድኑ እጅግ ትንሽ ነው። ከደመና ሲነሳ የተተነ ውሃ ነውና። ታዲያ ለምን ያዥጎረጉራል?

ሁለት ምክንያት አለ። ሲወርድ አየሩ ውስጥ ያለውን አቧራና ጥላሸት ይዞ ይወርዳል። የሚያርፈውም ቀድሞ አቧራ በለበሰ መኪና ላይ ነው። ጠብታው ያገኘውን አቧራ ይሰበስብና ሲደርቅ በአንድ ቦታ ይተወዋል። ልብ ብላችሁ እዩት፤ ከዝናብ በኋላ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ነጭ አይደለም። ግራጫ ወይም የአፈር መልክ ያለው ነው። ጣት ሲነካው ይበከላል።

ማዕድን ነው የምንለው ሰዎች ደግሞ ሌላ ነገር ምልክት ሊተው አይችልም አላልንም። ያልነው ውሃ ውስጥም ሆነ ከውሃው ሥር ያለ፣ የማይተን ነገር ሁሉ ይቀራል ነው። ዕቃ የሰረቁት ሁለት ሆነው አንዱ ቢያዝ፣ ሌላው ነጻ ነው አይባልም። ከፈለጋችሁ ሞክሩት። አንድ መስታወት በደንብ አጽዱ። በአንድ በኩል የቧንቧ ውሃ ጠብ አድርጉ። በሌላ በኩል ዲስቲልድ ውሃ፣ ማለትም ተንኖ እንደገና የተጠራቀመ፣ ማዕድኑ የቀረ ውሃ፣ ጠብ አድርጉ። አቧራ በማይደርስበት ቦታ አሳድሩት። ጠዋት አንዱ ቀለበት አለው፤ ሌላው የት እንደነበረ እንኳ አታገኙትም። እኔ የመታጠቢያ ቤቱን መስታወት ነው የተጠቀምኩት። ቤተሰቡ ለሁለት ቀን ያንን መስታወት እንዳይነካ ተከለከለ፤ ስለ እኔ ምን እንደተባለ አልጽፍም።

ከዝናቡ ክርክር ግን አንድ ቁም ነገር ይወጣል፤ ላመስግናቸው። ምንም ያህል ንጹሕ ውሃ ብትጠቀሙ፣ መኪናው በደንብ ካልታጠበ ምልክት ይኖራል። የመጨረሻው ውሃ እጥበትን አይተካም።

አቼቶ

ይህኛው ግማሽ እውነት ስለሆነ ነው ሰው የሚያምነው። አቼቶ አሲድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ ገደማ። ካልሲየም ካርቦኔትን ያሟሟል። ማንቆርቆሪያ በአቼቶ ያጸዳ ሰው አረፋውን አይቶታል። መኪና ላይ ለወጣ ትኩስ ነጠብጣብም፣ በውሃ ቀጥኖ በጨርቅ ሲነካ ብዙ ጊዜ ይሠራል። እስከዚህ እስማማለሁ።

ጸሐፊው ግን ያሉት ይህን አይደለም። መጨረሻው ባልዲ ውስጥ ጨምራችሁ አፍስሱትና ይድረቅ ነው ያሉት። ጥያቄው ይህ ነው፦ አቼቶው ካልሲየሙን ወዴት ይወስደዋል? የትም። አሲዱ ከካልሲየሙ ጋር ተጣምሮ ካልሲየም አሲቴት የሚባል ጨው ይሆናል። ውሃው ሲተን ያ ጨው ይቀራል። እንዲያውም ክብደቱ ይበልጣል። 100 ግራም ካልሲየም ካርቦኔት ሊሆን ይችል የነበረው ካልሲየም፣ ከአቼቶ ጋር ሲሆን ወደ 158 ግራም ካልሲየም አሲቴት ይሆናል። ከድጡ ወደ ማጡ።

አንድ ጥቅም አለው፤ ልክድ አልፈልግም። አዲሱ ጨው ውሃ ውስጥ በቀላሉ ስለሚሟሟ፣ በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርጉት ይለቃል። ግን ያኔ የጠረገው ጨርቁ ነው። ጨርቅ አታስነኩ ያሉት ደግሞ ራሳቸው ናቸው። ሲሊካን በተመለከተ አቼቶ ምንም አያደርገውም። ሳምንት ሳምንት አሲድ የሚፈስበት ዋክስም ዕድሜው ይቀንሳል።

ማጣሪያ ሁሉ አንድ አይደለም

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው በዚህ ነጥብ ነው። ጸሐፊው «ማጣሪያ» የሚለውን አንድ ቃል ለአምስት የተለያዩ ነገሮች ተጠቅመውበታል።

ተራው ማጣሪያ አሸዋና ዝገት ይይዛል። ሌላ ምንም። የከሰል ማጣሪያ ክሎሪንን፣ ሽታንና መጥፎ ጣዕምን ይቀንሳል። ለመጠጥ ደስ ይላል። የሟሟ ካልሲየም ግን በመሃሉ ሰላም ብሎ ያልፋል። ጨው በሟሟበት ውሃ ላይ ወንፊት ብትደቅኑ ጨው አይቀርም፤ እንደዚያ ነው።

የፈላ ውሃም ቢሆን የሚረዳው በከፊል ነው። ሲፈላ የካልሲየሙ አንድ ክፍል ወደ ካርቦኔት ተለውጦ ይዘቅጣል። ማንቆርቆሪያው ላይ የሚጋገረው እሱ ነው። የቀረው፣ ለምሳሌ ከሰልፌትና ከክሎራይድ ጋር ያለው፣ አይዘቅጥም። የተወሰነ ውሃ በእንፋሎት ስለሚሄድ እንዲያውም ይጠነክራል። ደግሞስ ማን ነው መኪና ለማለቅለቅ ባልዲ ባልዲ ውሃ የሚያፈላው?

ቀጥሎ ውሃ ማለስለሻ የሚባለው አለ። ይህኛው ያሳስታል፤ እኔንም አንድ ሰሞን አሳስቶኛል። ማለስለሻ ማዕድን አያወጣም፣ ይለውጣል። ካልሲየሙን ይዞ በምትኩ ሶዲየም ይሰጣል። ልውውጡ ለአንድ ካልሲየም ሁለት ሶዲየም ነው። በክብደት ሲታይ 40 ግራም ካልሲየም ወጥቶ 46 ግራም ሶዲየም ይገባል። ስለዚህ ውሃው ውስጥ ያለው የሟሟ ነገር በጠቅላላው አልቀነሰም፣ ትንሽ ጨምሯል። ነጠብጣቡም አይጠፋም። ልዩነቱ የሶዲየሙ ነጠብጣብ ለስላሳና በቀላሉ የሚሟሟ መሆኑ ነው። በእርጥብ ጨርቅ አንዴ ሲነካ ይጠፋል፤ ቀለሙ ላይ እንደ ካልሲየሙ አይጋገርም። ማለስለሻ ያለው ቤት ይጠቀምበት። ግን ሳይጠርግ ትቶት ከሄደ ሲመለስ ነጭ ነጥብ ይጠብቀዋል።

ሥራውን የሚሠሩት ሁለት ናቸው። አንዱ ሪቨርስ ኦስሞሲስ ነው። ውሃውን በግፊት እጅግ በጣም ደቂቅ በሆነ ሽፋን ውስጥ ያሳልፈዋል። ከሟሟው ከ90 እስከ 99 በመቶ ያስቀራል። ጣጣው ቀስ ማለቱ ነው፤ ቀድሞ በርሜል ውስጥ ማጠራቀምን ይጠይቃል። ማዕድኑን የተሸከመ ውሃም በሌላ በኩል ይጥላል።

ሌላው ጸሐፊው የሻጮች ፈጠራ ያሉት ሬዚን ነው። ሬዚን የአሸዋ ቅንጣት የሚያክሉ የፕላስቲክ እንክብሎች ነው። ሁለት ዓይነት አንድ ላይ ተደባልቀው ቱቦ ውስጥ ይሞላሉ። አንደኛው ካልሲየምን፣ ማግኒዥየምንና ሶዲየምን ይይዛል፤ በምትካቸው ሃይድሮጂን ይለቃል። ሁለተኛው ክሎራይድና ሰልፌት የመሳሰሉትን ይይዛል፤ በምትካቸው ሃይድሮክሳይድ ይለቃል። ሃይድሮጂንና ሃይድሮክሳይድ ሲገናኙ ምን ይሆናሉ? ውሃ። ይኸው ነው ምሥጢሩ። ዲአዮናይዝድ ውሃ የሚባለው ይህ ነው። በመለኪያ ሲታይ ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው።

ፈጠራ ነው ለሚል ሰው አንድ ምሳሌ ልስጥ። የሕንፃ መስታወት የሚያጸዱ ብዙ ባለሙያዎች ብሩሽ የተገጠመለት ረጅም ዘንግ ይዘው፣ መሬት ላይ ቆመው፣ ማዕድኑ በወጣለት ውሃ ያጥባሉ። አይጠርጉም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ መስታወት በራሱ ይደርቃል፣ ነጥብ አይቀርበትም። ነጥብ ቢቀር በነጋታው ማንም አይጠራቸውም። እንጀራቸው የሆነው ነገር ወሬ ሊሆን አይችልም። ብዙ አውቶማቲክ የመኪና ማጠቢያዎችም የመጨረሻውን ርጭት በሪቨርስ ኦስሞሲስ ውሃ ነው የሚያደርጉት።

የጸሐፊው ጥርጣሬ ግን ከባዶ የመጣ አይደለም። ሬዚን ያልቃል። ውሃችሁ በሊትር 400 ሚሊግራም ካለው፣ 200 ካለው ጎረቤታችሁ ጋር ሲነጻጸር ያው ሬዚን ግማሽ ያህል ውሃ ብቻ ይሰጣችኋል። መኪናውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእሱ የሚያጥብ ሰው ቶሎ ይጨርሰዋል፤ ከዚያ አታለሉኝ ይላል። ለመጨረሻው ማለቅለቅ ብቻ ነው የሚቆጠበው። ቲዲኤስ መለኪያ የሚባለው እስክሪብቶ መሳይ ዕቃም ሁሉን አያይም። የሚለካው ውሃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ነው። ሲሊካ ደግሞ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ነገር ብዙም የለውም። ሬዚኑ ሊያልቅ ሲል መጀመሪያ ከሚያመልጡት አንዱ ሲሊካ ነው፤ መለኪያው ገና ትንሽ ቁጥር እያሳየ ነጥቦች ሊወጡ ይችላሉ። ቁጥሩ ከፍ ማለት ሲጀምር ጊዜ አትስጡት።

ይህን ሁሉ ዕቃ መግዛት ለማይፈልግ ሰው ሌላ መንገድ አለ። ለባትሪ የሚጨመረው ዲስቲልድ ውሃ ይሠራል፤ አሲዱን አይደለም፣ እንዳትሳሳቱ። በእጅ እየተነፋ የሚረጭ የአትክልት መርጫ ውስጥ ይጨመራል። ለእኔ ትንሽ መኪና 5 ሊትር ይበቃል፤ በቧንቧ ውሃ ከታጠበና ከተለቀለቀ በኋላ፣ ገና ሳይደርቅ፣ ከጣሪያ ጀምሮ ወደ ታች። ሥራው የቧንቧውን ውሃ ገፍቶ ቦታውን መውሰድ ነው። መርጫው አዲስ ወይም ለሌላ ነገር ያልዋለ ይሁን።

ዋክስ ያለው መኪና

ዋክስ ያለው መኪና ላይ ውሃ አይቆምም ይላሉ። በሩ ላይ እውነት ነው። ኮፈኑና ጣሪያው ላይ ግን አይደለም። እዚያ ውሃው ክብ ክብ ጠብታ ሆኖ ቁጭ ይላል። ዋክስ ውሃውን ከመዘርጋት አግዶ ይሰበስበዋል እንጂ ማዕድኑን አያወጣውም። ተዘርግቶ ቢሆን በሰፊው ቦታ የሳሳ ብዥታ የሚሆነው ማዕድን፣ አሁን በትንሽ ክብ ውስጥ ታጭቆ ይደርቃል። ዋክስ ተቀብቶ ሳይጠረግ የተተወ ጥቁር ኮፈን አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ጓደኛዬ የላከው ፎቶ ልክ እንደዚያ ነበር።

ዋክስ አትቀቡ እያልኩ አይደለም። እኔም እቀባለሁ። ውሃው በቀላሉ ይነሳል፣ ፎጣው ብዙ አይደክምም፣ የደረቀ ነጠብጣብም ቀለሙን በቀጥታ ከመንካቱ በፊት ዋክሱን ያገኛል። ማድረቅን ያቀልላል፤ ማድረቅን ግን አይተካም።

እዚህ ክፍል ውስጥ ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጣል አድርገው ያለፉት ምክር አለ። ወርቅ ነው። ከውሃው ጎማ ጫፍ ላይ ያለውን መርጫ ንቀሉት ይላሉ። ውሃው ሳይረጭ፣ ዝግ ብሎ፣ ከጣሪያው ላይ እንደ ጨርቅ ተያይዞ ይውረድ። ጠብታዎቹን አብሮ ስቦ ይወስዳቸዋል፤ መኪናው ላይ የሚቀረው ውሃ በጣም ይቀንሳል። ይህን ምክር ከላይ አድርገው ሌላውን ቢያሳጥሩት ኖሮ እኔም አልጽፍም ነበር። ብቻ አንድ ነገር፦ ይህ ምክር ራሱ ግፊት ጨምሩ ከሚለው የመጀመሪያ ምክራቸው ጋር ይጋጫል።

ማጉያ መነጽር

ይህ አሮጌ ወሬ ነው። አትክልተኞችም ስለ ቅጠል ይሉታል። የቡዳፔስቱ ኤትቬሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ጉዳዩን ፈትሸውት ነበር። ለስላሳ ቅጠል ላይ ያረፈ ጠብታ ቅጠሉን ማቃጠል እንደማይችል ነው ያገኙት። ፀጉራም ቅጠል ላይ፣ ጠብታው በፀጉሩ ላይ ከፍ ብሎ ሲንጠለጠል ግን ሊሆን ይችላል። መኪናችሁ ፀጉር የለውም። ጠብታው ቀለሙ ላይ ተለጥፎ ነው የሚቀመጠው፤ በጋለ ብረት ላይ ደግሞ ምንም ሳያደርግ ራሱ ተንኖ ያልቃል።

ፀሐይ ላይ አትጠቡ የሚለው ምክር ግን ትክክል ነው። ምክንያቱ ነው የተሳሳተው። የጋለ ኮፈን ውሃውን ከመጥረጋችሁ በፊት ያደርቀዋል። ሳሙናውንም እንዲሁ። ሙቀቱ የደረቀው ማዕድን ቀለሙን የሚጎዳበትን ፍጥነትም ይጨምራል።

አይለቅም ለሚሉት፣ ብዙ ጊዜ ይለቃል። የዛሬው በእርጥብ ፎጣ፣ የሰሞኑ በቀጠነ አቼቶ ወይም ለዚሁ በተሠራ ማስለቀቂያ፣ ቀለሙን የበላው ደግሞ በፖሊሽ። የመጨረሻው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ክሊር የሚባለው የላይኛው ግልጽ ሽፋን በብዙ መኪኖች ላይ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ከፀጉር ዘለላ ይሳሳል። ፖሊሽ በተደረገ ቁጥር ትንሽ ይነሳል። ወራት የቆየና ጠልቆ የገባ ከሆነ አንዳንዴ በእርግጥ አይወጣም። እዚህ ላይ ጸሐፊው ከፊል እውነት አላቸው።

ፎጣው

የሚጭረው ፎጣው አይደለም። በፎጣውና በቀለሙ መሃል የገባው አሸዋ ነው። ያረጀ ሸሚዝ፣ መሬት የወደቀ ጨርቅ፣ ቸርኬ የተጠረገበት ፎጣ፣ እነዚህ ይጭራሉ። በዚህ ጸሐፊውን አልሞግትም። ንጹሕ፣ ወፈር ያለ የማይክሮፋይበር ፎጣ በደንብ በታጠበ መኪና ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። አትፈትጉት። ዘርግታችሁ አስቀምጡትና ወደ ራሳችሁ ሳብ አድርጉት፤ ውሃውን ራሱ ይጠጣዋል። ፎጣ ጨርሶ የማይፈልግ በአየር መንፊያ ይንፋው። እንዲያውም ለስፖኪዮና ለመብራት ዙሪያ ነፋስ ከፎጣ ይሻላል።

አሁን የጽሑፉን አካሄድ በአንድ ላይ እዩት። ነጥብ እንዳይቀር ያለው መንገድ ሁለት ነው፦ ማዕድኑን ከውሃው ማውጣት፣ ወይም ውሃውን ከመድረቁ በፊት ከመኪናው ማንሳት። ጸሐፊው የመጀመሪያውን የሻጮች ፈጠራ አሉት። ሁለተኛውን ከለከሉ። ከዚያ መኪናው ያለ ነጥብ እንዲደርቅ ጠበቁ። ክርክሩ ውሃ አያነሳም የምለው ለዚህ ነው።

ለጓደኛዬ የጻፍኩለት እንዲህ ነው። ፀሐዩ ሲበርድ እጠብ። መጀመሪያ ቸርኬዎቹን ጨርስ፤ እነሱን ስትፈትግ ሌላው አካል ታጥቦ እንዳይደርቅ። ሳሙናውን በክፍል በክፍል እየመታህ፣ ሳይደርቅ አውርደው። መርጫውን ከጎማው ንቀልና ውሃውን ዝም ብሎ ከላይ ልቀቀው። ከዚያ ወይ ፎጣ ወይ 5 ሊትር ዲስቲልድ ውሃ። ሁለቱም ካሉህ ሁለቱንም።

ደውሎልኝ ነበር። ኮፈኑም ጣሪያውም ጸድቷል። የስፖኪዮው ሥር ብቻ ሁለት መስመር ቀርቶበታል። የእኔም ላይ ይቀራል። እዚያ ውስጥ የተደበቀው የቧንቧ ውሃ ንጹሑ ውሃ ከደረቀ በኋላ ነው ቀስ ብሎ የሚወጣው። እኔ ትንሽ ፎጣ አጣጥፌ እዚያ ሥር ሸጉጬበት ወደ ቤት እገባለሁ። አንድ ጊዜ ረስቼው እስከ ሥራ ቦታ ድረስ አብሮኝ ሄዷል።